የጋፋት መድፍና የሐማማትሱ ሞተር

በደቡብ ጎንደር ወደ አንዱ የወረዳ መሥሪያ ቤት ግቢ ጎራ ያለ ሰው ከቢሮው ጀርባ፣ ባሕር ዛፍ ሥር የቆመ አሮጌ ሞተር ሳይክል ቢያይ አይገርመውም። ጎማው ተኝቷል፣ መቀመጫው ተቀዷል፣ ታንከሩን ዝገት በልቶታል። ብዙውን ጊዜ ያማሃ ነው፤ አንዳንዴ ሆንዳ ወይም ሱዙኪ ይሆናል። ለምን ቆመ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ የታወቀ ነው፦ «አርጅቷል፤ መለዋወጫም የለው።»

በዚያው ከተማ ግን ያው ሞዴል፣ ዕድሜውም ያው የሆነ ሌላ ሞተር ከኋላው ሰውና ጆንያ ጭኖ የጉናን ዳገት ሲወጣ ይታያል። ባለቤቱ በጨረታ የገዛው፣ ሠፈር ያለ መካኒክ ያስነሳው ነው።

ሁለቱን የለያቸው ዕድሜ ወይም ፋብሪካ አይደለም። አንዱ የሚጠግነው ሰው አገኘ፣ ሌላው አላገኘም። ይህ ተራ የሚመስል ልዩነት በደብረ ታቦር ዙሪያ ከ150 ዓመት በላይ የቆየ ታሪክ አለው። ታሪኩም የሚጀምረው ከመድፍ ነው።

■ 1860 ዓ.ም

አፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን አስፍረው መሣሪያ እንዲሠሩላቸው ማዘዛቸውን የማያውቅ ተማሪ የለም። ከእነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ ከስዊዘርላንዷ ባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ሚስዮን የወጡ፣ ወንጌል ለመስበክ የመጡ ነበሩ። መድፍ ማቅለጥ ሙያቸው አልነበረም። ንጉሡ ግን አልተዋቸውም። ሙከራው እየከሸፈ፣ እንደገና እየተጀመረ፣ በ1859 ዓ.ም ሴባስቶፖል ተቀልጦ ወጣ። ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል ይጠጋል።

ጥቅምት 1860 ዓ.ም ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። መድፉ የሚያልፍበት መንገድ አልነበረም፤ ስለዚህ መንገዱ እየተሠራ መድፉ ተጎተተ። ራሳቸው ንጉሡ ድንጋይ እያነሱ ሠራተኛውን ይመሩ ነበር። የጂዳንና የበሽሎን ገደል ወርዶ ለመውጣት ወራት ፈጀ። መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም ሁሉም ነገር አበቃ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ብዙ ጊዜ አይነገርም። የጋፋት ባለሙያዎች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጡ። ከፊሎቹ ፍልስጤም ሠፈሩ። ዋልድማየር ኋላ ሊባኖስ ሄዶ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል አቋቋመ። ሙያው ከባለሙያው ጋር ተሰደደ። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ ተቀምጧል፤ ጋፋት ላይ ግን ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ወርክሾፕ አልቀረም።

በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1868፣ ጃፓን ውስጥ የሜጂ ዘመን ተጀመረ። የኢትዮጵያ ምሁራን በኋላ ይህን ግጥምጥሞሽ በቅናት ተመልክተውታል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ጃፓንን ለአርአያነት ጠቀሱ። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ከሜጂ ሕገ መንግሥት ብዙ ወሰደ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም ጃፓንን ጎብኝተው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚል መጽሐፍ አሳተሙ። ሕጉ፣ ጦሩና ፋብሪካው ሁሉ ተደነቀ። ከፋብሪካው በፊት የነበረችው ትንሽ የጠጋኝ ሱቅ ግን እምብዛም ትኩረት አላገኘችም።

■ የጠጋኞች ከተማ

ሐማማትሱ በቶኪዮና በኦሳካ መካከል ያለች ከተማ ናት። የሆንዳ፣ የያማሃና የሱዙኪ ታሪክ ከዚህችው ከተማና ከአካባቢዋ ይነሣል። ሦስቱም ስሞች ዛሬ ደብረ ታቦር ውስጥ ሕፃን ልጅ የሚያውቃቸው ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1887 የሐማማትሱ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከውጭ ያስመጣው ኦርጋን ተበላሸ። ቶራኩሱ ያማሃ የሚባል የሕክምና መሣሪያ ጠጋኝ ተጠራ። ሰውዬው ኦርጋን ሠርቶ አያውቅም። ፈትቶ አየው፣ ጠገነው፣ የውስጡንም ንድፍ በወረቀት ገለበጠ። ከዚያ የራሱን ሠርቶ ከባልደረባው ጋር በትከሻ ተሸክሞ የሐኮኔን ተራራ አቋርጦ ቶኪዮ ወሰደው። የተጓዙት ወደ 250 ኪሎ ሜትር ነው። የሙዚቃ መምህራኑ ግን ድምፁ ልክ አይደለም አሉት። ቶራኩሱ አልተቀየመም፤ እዚያው ተቀምጦ የድምፅ ቅኝት ተማረና ተመልሶ ሁለተኛውን ሠራ።

ይህን ከሴባስቶፖል ጉዞ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ሁለቱም ጉዞዎች ከባድ ዕቃ ተራራ ያሻገሩ ናቸው፤ ሁለቱም ላይ የሚያስገርም ጽናት ታይቷል። ልዩነቱ ከጉዞው በኋላ ነው። አንደኛው ዕቃ የመጨረሻው ሆነ፤ ሌላው ሁለተኛውን ወለደ። ቶራኩሱ ሙያውን ያገኘው በመፍታት ስለሆነ ሙያው ከእጁ አልወጣም። ከኦርጋኑ የተነሣው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1955 ሞተር ሳይክል መሥራት ሲጀምርም መንገዱ ያው ነበር። የመጀመሪያዋ 125 ሲሲ ሞተር የጀርመኑን ዲ.ካ.ቬ. ሞተር አርአያ አድርጋ የተሠራች ናት። በዚያው ዓመት የፉጂን ተራራ የመውጣት ውድድር አሸነፈች።

ሶይቺሮ ሆንዳ ደግሞ የቀጥቃጭ ልጅ ነው። አባቱ ብረት ይቀጠቅጡ፣ ብስክሌትም ይጠግኑ ነበር። ልጁ በ15 ዓመቱ ቶኪዮ ሄዶ በመኪና ጥገና ቤት ተላላኪና ተማሪ ሆነ፤ ሐማማትሱ ተመልሶ የራሱን ጋራዥ ከፈተ። ከጦርነቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1946፣ ሠራዊቱ ለሬዲዮ ጄኔሬተር ይጠቀምባቸው የነበሩ ትንንሽ ሞተሮችን ሰብስቦ ብስክሌት ላይ ገጠመ። የዓለም ትልቁ የሞተር ሳይክል አምራች የተነሣው ከዚያ ነው።

አሁን የቀጥቃጭ ልጅ በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ምን ይባል እንደነበር ማስታወስ ነው። ጠይብ፣ ቡዳ፣ ፋቂ፣ ቁጢት በጣሽ። ማረሻውን የሚሠራለትን ሰው ገበሬው በማዕድ አያቀርበውም፣ ልጁን አይድርለትም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ሠሪን የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከ ማውጣት መድረሳቸው ነውሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያሳያል። ስድቡ ዛሬ ስሙን ቀይሯል። ትምህርት ያልገባው ልጅ «ጋራዥ ይግባ» ሲባል የሚሰማው የዚያው ስድብ ልጅ ነው።

■ ከበቅሎ ወደ ያማሃ

ለደጋው ባለሥልጣን ለረጅም ዘመን መኪናው በቅሎ ነበረች። ሞተር ወደ ጎንደር ምድር በብዛት የገባው ከጣሊያን ወረራ ጋር ነው። መጋቢት 1928 ዓ.ም የስታራቼ ጦር በካሚዮን ጎንደር ገባ። ደብረ ታቦርም የጦር ሠፈር ሆነች፤ የነበረባት የጣሊያን ጦር በ1933 ዓ.ም እጁን ሰጠ።

ጣሊያን ሄደ፤ የመካኒክ ቋንቋው ግን ቀረ። ዛሬ ደብረ ታቦር የጃፓን ሞተር የሚፈታ ልጅ ቡሎንና ዳዶ ይላል፣ በካቻቢቴና በፒንሳ ይሠራል፣ ካንዴላ ይጠርጋል፣ ፍሪሲዮን ያስተካክላል፣ ኩሽኔታ ይቀይራል፣ ማርሚታ ያስበይዳል፣ ያልተገኘውን ዕቃ ቶርኖ ቤት ያስቀርጻል። ሁሉም የጣሊያን ቃላት ናቸው። ማንም በትምህርት ቤት አላስተማራቸውም፤ ከረዳት ወደ መካኒክ፣ ከመካኒክ ወደ ረዳት በአፍና በእጅ ተላለፉ። ጋፋት ላይ የተቋረጠው ቅብብሎሽ በጋራዥ አልተቋረጠም።

ቀጥሎ መንገዱ መጣ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም ቤጂንግን ከጎበኙ በኋላ በተገኘ የቻይና ብድር ወረታን በደብረ ታቦር፣ በንፋስ መውጫና በጋሸና በኩል ከወልድያ የሚያገናኘው መንገድ ተሠራ፤ ያለቀው በደርግ ዘመን ነው። ሕዝቡ እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ከዚህ መንገድ ግራና ቀኝ ያለው አገር ግን፣ እስቴ፣ ስማዳ፣ ታች ጋይንት፣ እብናት፣ ገደልና ዳገት ነው። መኪና የሚቆምበት ቦታ ላይ ሞተር ይጀምራል።

የግብርና ባለሙያው፣ የክትባት ሠራተኛው፣ የእርዳታ ድርጅት ተቆጣጣሪው ሞተር ያገኙት በዚህ ምክንያት ነው። ያማሃ ዲቲ፣ ያማሃ ኤጂ፣ ሆንዳ ኤክስ ኤል በየቢሮው ተሰጡ። ኤጂ የሚለው ስም ራሱ ግብርና ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የተወሰደ ነው፤ ሞተሩ የተነደፈው ለእርሻ ቦታ ነው። ካቴናው ጭቃ እንዳይገባበት ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ ነው። ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ አለው፤ መቆሚያ እግሩም በሁለቱም ጎን ነው። ሌላው ዓለም 125 እና 200 ሲሲን ትንሽ ይለዋል። ለጋይንት ዳገት ግን ልኩ ነው፦ ዳገቱን ለመውጣት የሚበቃ ጉልበት አለው፤ ሲወድቅም አንድ ሰው ያነሣዋል።

■ ግዢው

አሮጌ የጃፓን ሞተር የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሞተሩን ሳይሆን ሊብሬውን ነው። በሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ብረቱ ላይ ከተመታው ጋር ካልገጠመ ድርድሩ እዚያው ያበቃል። ከመንግሥት ወይም ከድርጅት በጨረታ የወጣ ከሆነ ደግሞ ከቀረጥ ነጻ የገባ መሆን አለመሆኑ ይጠየቃል። ቀረጥ ያልተከፈለበት ዕቃ ወደ ግለሰብ ሲዛወር ዕዳው አብሮ ይመጣል። በርካሽ የተገዛ ሞተር በዚህ ብቻ ሊወደድ ይችላል።

ከዚያ ሞተሩ በረድ እንዳለ ይነሣል። ሻጩ ቀድሞ ካሞቀው ጥርጣሬ ነው። ባለ አራት ስትሮኩ ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ዘይት እያቃጠለ ነው፤ ፋሻው ወይም የቫልቩ ጎሚኒ አልቋል። ቱ ስትሮክ ከሆነ ዘይት አብሮ ማቃጠሉ ተፈጥሮው ነው፤ እሱ የሚፈተነው በእግር ሲመታ በሚሰጠው ግፊት ነው። ፔዳሉ እንደ ላላ በር ከወረደ ሲሊንደሩ ተበልቷል። የፊት ጎማውን በያዙት ሁለት ቱቦዎች ላይ ዘይት ካለ ጎሚኒው ተቀዷል፤ ይህ ቀላል ነው። ሻንሲው ተበይዶ ከሆነ ግን ቀላል አይደለም። ታንከሩ ውስጥ ዝገት ካለ ካርቡራቶሩ ሁልጊዜ ይታመማል።

«ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል» የሚባለው ለሞተርም ነው። የአንድ ሰው እጅ ላይ 20 ዓመት የቆየ ሞተር ማንም ሲቀባበለው 5 ዓመት ከኖረው ይሻላል። የቢሮ ሞተር ችግሩ ይህ ነው። ሁሉም ይነዳዋል፣ ማንም ባለቤቱ አይደለም።

■ ጥገናውና ጉዞው

ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደብረ ታቦር 2,700። በመካከላቸው ያለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በደብረ ታቦር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ አይሞላም። ጉና ደግሞ ከ4,100 ሜትር ያልፋል። የካርቡራቶሩ ቀዳዳ ግን በፋብሪካ የተለካው በዝቅተኛ ቦታ ላለ አየር ነው። ስለዚህ ሞተሩ ደጋ ሲወጣ አየር ያንሰዋል፣ ቤንዚን ይበዛበታል። ካንዴላው ይጠቁራል፣ ፍጆታው ይጨምራል፣ ዳገት ላይ ይታፈናል። የማያውቅ ሰው «አርጅቷል» ይላል። የሚያውቅ መካኒክ የቤንዚን ማሳለፊያውን ባነሰ ይቀይራል ወይም መርፌውን አንድ ደረጃ ዝቅ ያደርጋል። መሣሪያው አንድ ካቻቢቴ ነው፤ እውቀቱ ግን በመመሪያ መጽሐፉ ብቻ አይገኝም። ከፎገራ ሜዳ እስከ ክምር ድንጋይ ብዙ ሞተር ያየ ጆሮ ይፈልጋል።

ቁልቁለቱም ሌላ ትምህርት ነው። በቱ ስትሮክ ሞተር ፒስተኑ የሚለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር በሚገባው ዘይት ነው። ነጂው ረጅም ቁልቁለት ላይ ነዳጁን ዘግቶ በማርሽ ብቻ ሲወርድ ሞተሩ በፍጥነት እየዞረ ዘይት አያገኝም፤ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ሊጣበቅ ይችላል። ልምድ ያላቸው ነጂዎች በየመሃሉ ነዳጅ ቸብ እያደረጉ ይወርዳሉ። አላፊው ሰው ጉራ ይመስለዋል። በክረምት ደግሞ የፎገራ መረሬ በጭቃ መከላከያውና በጎማው መካከል ገብቶ እንደ ሲሚንቶ ይጠጥራል። የፊት ጭቃ መከላከያው ከፍ ያለው ሞተር የሚመረጠው ለዚህ ነው።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ብሂል የጥገና ሕግ ማለት ነው። አየር ማጣሪያ በሳምንት ይታጠባል፣ ካቴና ይጠብቃል፣ ዘይት በጊዜው ይለወጣል፣ ፍሬን ከመነሣት በፊት ይታያል። አንዱም ሙሉ ቀን አይወስድም። ባሕር ዛፍ ሥር የቆመው ሞተር አብዛኛውን ጊዜ የሞተው በትልቅ ብልሽት አይደለም። አንድ ጎሚኒ ተቀደደ፣ የግዢ ሂደቱ ወራት ወሰደ፤ በዚያ መሃል ካንዴላው፣ ባትሪው፣ ካርቡራቶሩ ተፈቶ ለሌላ ሞተር ሄደ። ከዚያ በኋላ በእርግጥም መለዋወጫ የለውም።

■ ዋጋው የሚከፈለው የት ነው?

ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቆየት አለበት። በበረዶ ሣጥን ተይዞ ከወረዳ ወደ ቀበሌ የሚሄድበት ሰዓት የተቆጠረ ነው። ሞተሩ ከቆመ ሠራተኛው በእግሩ ይሄዳል ወይም አይሄድም። የቆመ ሞተር ዋጋ ያልተከተበ ሕፃን ነው፤ በጊዜ ያልታየ የሰብል በሽታ ነው፤ መልእክት ያልደረሰላት ነፍሰ ጡር ናት።

ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ችግር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ አሜሪካዊው የሞተር ተወዳዳሪ ራንዲ ማሞላና ባልደረባው ሶማሊያ ሲሄዱ በእርዳታ የመጡ ተሽከርካሪዎች በትንሽ ብልሽት ተጥለው አዩ። ከዚያ «ራይደርስ ፎር ሄልዝ» የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። ሥራውን በሌሶቶ፣ በዚምባብዌና በጋምቢያ የሠራበት ዘዴ ቀላል ነበር። ነጂው ራሱ በየጠዋቱ ይፈትሻል። መካኒኩ በተወሰነ ቀን ወደ ነጂው ይሄዳል። ዕቃ የሚቀየረው ከመሰበሩ በፊት ነው። አዲስ ሞተር ከመግዛት በፊት ያለው እንዳይቆም ተደረገ።

ደቡብ ጎንደር ይህን የሚያስታውስበት ምክንያት ዛሬ በዝቷል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም ጦርነቱ ንፋስ መውጫ ደርሶ ከተማዋ በሕወሓት ኃይሎች በተያዘችባቸው ቀናት የጤና ተቋም ሳይቀር ተዘረፈ። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ ደግሞ ክልሉ በሌላ ግጭት ውስጥ ነው። መንገድ ሲዘጋ መለዋወጫም ነዳጅም ይዘጋል። በ2017 ዓ.ም የአንድ ሊትር ቤንዚን ይፋዊ ዋጋ ከ100 ብር አልፏል። ሞተር ሳይክል ራሱ የሚጠረጠር ዕቃ ሆኗል፤ አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም ክረምት ወንጀልን ምክንያት አድርጋ የሞተርን እንቅስቃሴ ስትገድብ የታየው ይህ ጥርጣሬ ነው። በከተማ ሞተር ቢታገድ ታክሲ አለ። በስማዳ ቆላ ሞተር ቢታገድ የሚቀረው በቅሎ ነው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኖ ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ አዙሯል። የውጭ ምንዛሪውን ሒሳብ ላየ ሐሳቡ ምክንያት አለው። ነገር ግን የኤሌክትሪክ ሞተርም ባትሪው ይደክማል፣ መቆጣጠሪያው ይቃጠላል፣ ኩሽኔታው ያልቃል። ጠጋኝ ከሌለው እሱም ከያማሃው አጠገብ፣ ከዚያው ባሕር ዛፍ ሥር ይቆማል። የሚለየው ፈትቶ ለመማር ይበልጥ የሚያስቸግር መሆኑ ነው።

የጋፋት ስም ዛሬ በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም ላይ ተጽፏል። ስሙ ያምራል፤ ሥራው ግን ገና ነው። በየወረዳው ግቢ የቆሙትን ሞተሮች ሰብስቦ ለተማሪ ማስፈታት አዲስ ላቦራቶሪ አይጠይቅም። የሠፈሩን መካኒክ በአስተማሪነት መጥራትም አይከብድም፤ ምክንያቱም የደጋውን አየር በጆሮው የሚያውቀው እሱ ነው። የወረዳ በጀት ላይ ለጥገና የሚያዘው ገንዘብ ለአበልና ለነዳጅ ከተረፈ ብቻ የሚታሰብ መሆኑ ሊቀር ይገባል። ለአንድ ሞተር አንድ ተጠያቂ ነጂ መመደብም ገንዘብ አያስወጣም።

ቴዎድሮስ ያጡት ብረት አልነበረም፣ ጉልበትም አልነበረም፤ ወኔማ ከማንም አላነሳቸውም። ያጡት መድፉ ሲሰበር የሚጠግን፣ ከጠገነም በኋላ ሁለተኛውን የሚሠራ ያገር ልጅ ነው። ያ ልጅ ዛሬ ደብረ ታቦር ውስጥ አለ። እጁ ዘይት ነክቷል፣ መንገድ ዳር ተንበርክኮ የሠላሳ ዓመት ያማሃ ካርቡራቶር እያጠበ ነው። የሐማማትሱ ሰዎች እንደዚህ ያለውን ልጅ አክብረው ፋብሪካ አገኙ። እሱን «ትምህርት ያልገባው» ብሎ ማለፍ ግን ለሁለተኛ ጊዜ ጋፋትን ማጣት ነው።